ምሳ ከመድፉ በኋላ

ፍላቪን ያናደዳት አንድ መስመር ነው።

መጽሐፉ ትንሽ ነው፤ ኪስ ውስጥ ይገባል። ሽፋኑ ላይ «ኒስ፦ ምን ይታያል? ምን ይደረጋል?» ይላል። ውስጡ እንደ ወንድሞቹ፣ እንደ ሌሎቹ የጎብኚ መጻሕፍት ሁሉ ነው። ከሁለት ሺህ ዓመት በላይ ሰው የኖረባትን የፈረንሳይ ከተማ እንደ ቅርጫ ሥጋ በሦስት ቀን መድቦ ያከፋፍላል፦ ለመጀመሪያው ቀን ጠዋት የአበባው ገበያ፣ ለከሰዓት የባሕሩ ዳርቻ፣ ለሁለተኛው ቀን አሮጌው ሰፈር። እንዲህ ያለ መጽሐፍ የሚጽፉ ሰዎች ከተማ ውስጥ ሰው እንደሚኖር የሚያስታውሱት ምግብ ቤቱ ሲዘጋባቸው ብቻ ነው።

ገጽ አርባ አንድ ላይ እንዲህ ተጽፏል፦ «በየቀኑ ከኮረብታው የሚሰማው የቀትር መድፍ የጥንት ልማድ ቅሪት ነው። ዛሬ ግን ድምፁ የሚለቀቀው ከቴፕ ነው።»

ፍላቪ ጋዜጣ ሻጩ ፊት ቆማ ሁለት ጊዜ አነበበችው። ከቴፕ! አባቷ ያንን መድፍ ሃያ ዘጠኝ ዓመት ተኩሶታል፤ «ቴፑ» ቀኝ ጆሮውን በልቶታል። ከእሱ ተረክባ ደግሞ እሷ፣ ስድስት ዓመት ሙሉ፣ እሑድ የለ፣ በዓል የለ፣ በየቀኑ ከቀኑ ስድስት ሰዓት ላይ ትተኩሰዋለች።

የመጽሐፉን ዋጋ ከፈለችና መጽሐፉን ወዳተመው፣ ከወደቡ ጀርባ ወዳለው ትንሽ ማተሚያ ቤት ሄደች። በሩን አላንኳኳችም።

«ይህን የጻፈው ማነው?»

ጥግ ላይ መነጽሩን ግንባሩ ላይ የሰቀለ ቀጭን ሰው ቀና አለ። የሸሚዙ ኪስ ላይ ቀለም ፈሶበታል። «እኔ ነኝ። ባስትያን እባላለሁ።»

«ስምዎን አልጠየቅሁም። ቴፑን አይተውታል?»

«የቱን ቴፕ?»

«ገጽ አርባ አንድ ላይ ያለውን!»

ገጹን ገልጦ አየ። ጆሮው ቀላ። «ሰው ነግሮኝ ነው።»

«የምን ሰው?»

«አንድ የታክሲ ሹፌር።»

«እርስዎ የት ነው የተወለዱት?»

«እዚሁ። ሁለት መንገድ ወረድ ብሎ።»

«ሠላሳ ዓመት ኮረብታው ሥር ኖረው አንድ ቀን ወጣ ብሎ ማየት አቃትዎት?»

«ሠላሳ ሁለት ዓመት» አለ ባስትያን ዝግ ብሎ። «ምን ላድርግ? በስድስት ሰዓት ምሳ ላይ ነኝ።»

ፍላቪ ብዙ ስድብ አዘጋጅታ ነበር የመጣችው። ይህ ግን አፏን ያዘው፤ እውነት ነበርና። በዚህ ከተማ መድፉ የሚተኮሰው ለምሳ ነው። ሲጮህ የዚህ አገር ልጅ የሆነ ሁሉ ወንበር ይስባል። ስለዚህ መድፉን ማን እንደሚተኩሰው የሚያየው መንገደኛው ብቻ ነው፤ የከተማው ሰው ተወልዶ፣ አርጅቶ፣ አንድም ቀን ሳያየው ይቀበራል።

«መድፉን የምተኩሰው እኔ ነኝ» አለች። «ቴፑ እኔ ነኝ ማለት ነው።»

ባስትያን መነጽሩን ከግንባሩ አውርዶ አያት። አስተያየቱ ረዘም አለ። «እንዲህ የሚጮህ ቴፕ አይቼ አላውቅም» አለ።

ሳቋ ሊያመልጣት ሲል ያዘችው። በራሷም ተናደደች። «ነገ ይምጡና በዓይንዎ ይዩ!»

«ነገ አልችልም። ከእናቴ ጋር ነው የምበላው።»

«ከነገ ወዲያስ?»

«ከነገ ወዲያም ከእናቴ ጋር ነው።»

«ታዲያ መቼ ነው የማይበሉት?»

«እናቴ በሕይወት እያለች ማለትዎ ነው?»

በአራተኛው ቀን መጣ። ለእናቱ ስብሰባ አለብኝ ብሎ ነበር፤ ውሸት እንዳልለመደ ሰው ደንግጦ፣ ደረጃውንም እየሮጠ ወጥቶ ትንፋሹ ተቆራርጧል።

መድፍ ይሉታል እንጂ መሬት ላይ የተተከለ የብረት ቱቦ ነው። ፍላቪ ባሩዱን አግብታ፣ ሽቦውን ዘርግታ፣ ዓይኗን ሰዓቷ ላይ ተክላለች። ባስትያን አጠገቧ ቆሞ የሚያየው መድፉን አልነበረም።

«ጆሮህን ያዝ» አለችው። «አንተ» ማለቷን ያወቀችው ከአፏ ከወጣ በኋላ ነው።

ኮረብታው ተንቀጠቀጠ። የባሕር ወፎቹ እንደ ተበተነ ወረቀት ከጥድ ዛፎቹ ላይ ተነሡ። ከዚያ ጸጥታ ሆነ።

«ስማ» አለች።

«ምኑን?»

«ዝም በልና ስማ።»

ከታች፣ ከቀይ ጣሪያዎቹ መካከል፣ መስኮት ሲከፈት ተሰማ። ወንበር ሲጎተት፣ አንዲት ሴት ልጇን ስትጣራ። ቀጥሎም ዝናብ ቆርቆሮ ላይ ሲጀምር እንደሚያሰማው ያለ፣ የማያቋርጥ፣ ቀጭን ድምፅ መጣ።

«ሹካ ነው» አለ ባስትያን በሹክሹክታ።

«ሹካ ነው። ከተማው ሁሉ ምሳ ላይ ነው።»

ፍላቪ ድንጋይ ላይ ተቀምጣ ከወረቀት ውስጥ ክብ ዳቦዋን አወጣች፤ ዓሣ፣ እንቁላልና ወይራ ታጭቆበታል። ለሁለት ከፍላ ግማሹን ሰጠችው። «እንካ፤ ምሳህን ትተህ ነው የመጣኸው።»

«ሁልጊዜ ብቻሽን ነው የምትበይው?»

«ከማን ጋር ልብላ? ሁሉንም ጠርቼ ወደ ቤቱ ላክሁት።»

ባስትያን ወደ እሷ ጠጋ አለ። ከጉንጯ ላይ የባሩድ ጥላሸት በአውራ ጣቱ ጠረገላት፤ ከዚያ ጣቱን የት እንደሚያደርገው ግራ ገባው።

ክረምቱን ሙሉ ማክሰኞና ዓርብ «ስብሰባ» ነበረበት። ማታ ማታ ደግሞ ከሥራ ሲወጣ ይገናኙና መጽሐፉን ያርማሉ። እሷ ቀይ እርሳስ ይዛ ትሰርዛለች፤ እሱ ይከራከራል፤ ሁለቱም ይጮኻሉ።

«‹ውብ የባሕር ዳርቻ› ትላለህ! ጠጠር መሆኑን ለምን አትነግራቸውም? ጫማቸውን አውልቀው እንደ ዶሮ ሲዘሉ አላየህም?»

«ይህን ብጽፍ ማን ይመጣል?»

«ለእግሩ የማይሳሳ ይምጣ! ‹ሰማያዊዎቹ ወንበሮች ላይ ተቀምጠው ባሕሩን ይመልከቱ› ብለሃል። በክረምቱ ብርድ ሽማግሌዎቹ ለባሕሩ ጀርባ ሰጥተው ለምን እንደሚቀመጡስ?»

«ለምንድን ነው?»

«ፀሐይ ጀርባቸውን እንድታሞቅላቸው ነዋ! ባሕሩንማ ሰባ ዓመት አይተውታል።»

ጻፈው። እንዲህ እንዲህ እያለ መጽሐፉ ቀይ በቀይ ሆነ። አንድ ማታ በወደቡ ላይ ሲሄዱ ባስትያን ቆም አለና «ፍላቪ፣ የሚቀጥለውን እትም አብረን ብንጽፈው?» አላት። ስለ መጽሐፉ ብቻ እንዳልጠየቃት ገባት። «እናትህስ?» አለችው። ባስትያን ውሃውን አየ።

እናቱ ማዳም ኦርታንስ ይባላሉ። ባላቸው ከሞተ አሥራ አንድ ዓመት ሆኗል፤ እነዚያን ዓመታት ልጃቸው በመድፉ ሰዓት ከገበታቸው ቀርቶ አያውቅም ነበር። ሕጋቸው አንድ ነው፦ መድፉ ሲጮህ ጭልፋው ድስት ውስጥ ይገባል፤ ቀድሞም አይገባ፣ ዘግይቶም አይገባ። የዘገየ ሰው ሳህኑን ተገልብጦ ያገኘዋል።

የልጃቸውን ስብሰባ ምንነት የነገረቻቸው ዓሣ ሻጯ ናት። «ማዳም ኦርታንስ፣ ልጅዎ ከመድፈኛዋ ጋር ዳቦ ሲቆርስ ታየ እኮ!» ብላ ገበያው እስኪሰማ ሳቀች።

በመጋቢት መጀመሪያ ባስትያን ኮረብታው ላይ መጥቶ፣ «እናቴ ልታውቅሽ ትፈልጋለች» አለ።

«መቼ?»

«እሑድ።»

«ስንት ሰዓት?»

ባስትያን መነጽሩን አውልቆ በሸሚዙ ጠረገ።

«ባስትያን፣ ስንት ሰዓት?»

«ምሳ ነው ያለችው።»

«በመድፉ?»

«በመድፉ።»

ተያዩ። ወጥመድ መሆኑ ለሁለቱም ግልጽ ነበር። «በዓመት አንድ ቀን ብቻ ነው ቀትር ላይ ነፃ የምሆነው» አለች ፍላቪ። «የአፕሪል አንድ ቀን፣ መድፉን ለቀልድ በአምስት ሰዓት ስንተኩሰው። በዚያ ቀን ልምጣ በላት።»

«አልኳት። በሞኞች ቀን እንግዳ አልቀበልም አለች። አባትሽ አንድ ቀን ቢተኩሱልሽስ?»

«ሐኪሙ ከልክሎታል። በቀረችው ጆሮው እኔን ይስማበት።» ትከሻዋን ነቀነቀች። «እመጣለሁ። እሮጣለሁ። ትጠብቀኛለህ?»

«እጠብቅሻለሁ።»

እሑድ ፍላቪ መድፉን በአዲስ ቀሚስ ተኮሰች። ቱቦውን ቆልፋ፣ እጇን ታጥባ፣ ጫማዋን በእጇ ይዛ ደረጃውን ወረደች። የእሑድ ሰው መንገዱን ሞልቶታል፤ በክርን እየገፋች፣ ይቅርታ እየጠየቀች አለፈች። የማዳም ኦርታንስን ደወል ስትደውል መድፉ ከጮኸ አሥራ ስምንት ደቂቃ ሆኖት ነበር።

ቤቱ በወይን የተቀቀለ ሥጋ ይሸታል። ማዕዱ ላይ ሦስት ሳህን አለ። የእሷው ተገልብጧል።

«እንኳን ደህና መጣሽ፣ ልጄ» አሉ ማዳም ኦርታንስ ከወንበራቸው ሳይነሡ። «ቡና ላፍላልሽ?»

የተገለበጠውን ሳህን ፍላቪ ጠብቃው ነበር። እንደ ስድብ ቆጥራ፣ መልሱንም ደረጃው ላይ አዘጋጅታ መጥታለች። ያላሰበችው የባስትያንን ሳህን ነው። ባዶ ነበር። መረቁ እንኳን በዳቦ ተጠርጎ ያበራል።

«ጣፍጦ ነበር?» አለችው።

ባስትያን ሳህኑን አየ፤ አሁን ገና ያየው ይመስል።

«ጠራኋችሁ፤ በላችሁ። ሥራዬን ሠርቻለሁ» አለች ፍላቪ። «ደህና ዋሉ፣ ማዳም።»

በማግስቱ ኮረብታው ላይ መጣ።

«ልማድ ነው፣ ፍላቪ። መድፉ ሲጮህ እጄ በራሱ...»

«እንግዲያው እጅህን ይዘህልኝ ሂድ።»

«እናቴ ናት እኮ!»

«እናትህ ሳህን ገለበጡ። የበላኸው አንተ ነህ። አሥራ ስምንት ደቂቃ መጠበቅ ያቃተው ሰው ዕድሜ ልኩን ይጠብቀኛል ብዬ አላምንም።» ጀርባዋን ሰጠችው። እርምጃው ደረጃውን ሲወርድ እስኪጠፋ ድረስ አልዞረችም። ከዚያ ዞረች፤ ማንም አልነበረም።

ሦስት ሳምንት አለፈ። መድፉ ይጮኻል፤ ወፎቹ ይነሣሉ፤ ሹካው ይጀምራል። ያ ድምፅ ድሮ ደስ ይላት ነበር። አሁን ከዚያ ሁሉ ሹካ መካከል የአንዱን እየፈለገች ራሷን ታገኘዋለች። ዳቦዋን ለሁለት መክፈል አልተወችም፤ ግማሹን ለወፎቹ ትሰጣለች።

የአፕሪል አንድ ቀን መድፉን በአምስት ሰዓት ተኮሰችው። ከታች መስኮቶች ተንኳኩ፤ አንዱ ተሳደበ፤ ሰፈሩ በሙሉ ሳቀ። በየዓመቱ ያውቁታል፤ በየዓመቱ ይታለላሉ። ፍላቪ ብቻ አልሳቀችም። ይህ ቀን ቀትር ላይ ነፃ የምትሆንበት ቀን ነው፤ የምትሄድበት ግን የላትም።

የዳቦዋን ወረቀት ስትፈታ ደረጃው ላይ ከባድ ትንፋሽ ሰማች። ማዳም ኦርታንስ ነበሩ። ሽርጣቸውን አልፈቱም፤ እጃቸው ላይ ጭልፋ አለ።

«አንቺ ሌባ!»

ፍላቪ ተነሣች። «ምን ሰረቅሁ፣ ማዳም?»

«አንድ ሰዓት! ባቄላው ጥሬ ነው፣ በሶብላው አልተወቀጠም፣ መድፉ ጮኸ! ሁለት ጊዜ ጨው ጨመርኩበት!»

«ዛሬ እኮ የአፕሪል አንድ ነው።»

ሴትዮዋ ዓይናቸውን ጨፈኑ። ጭልፋው ዝቅ አለ። «አርባ ዓመት ተታልዬ አላውቅም» አሉ። «ቀኑ ጠፋብኝ። ሰሞኑን ቀን የምለይ ሰው አይደለሁም።»

«አሞዎት ነው?»

«ልጄ ነው ያሳመመኝ። አልነገረሽም?»

«አንነጋገርም።»

«መድፉ ሲጮህ ይመጣል። ይቀመጣል። ሳህኑን በገዛ እጁ ይገለብጠዋል። ከዚያ ሰዓቱን እያየ ቁጭ ነው። አሥራ ስምንት ደቂቃ! ቃል አይናገርም። አሥራ ስምንት ሲሞላ ሳህኑን ያቀናና የቀዘቀዘውን ይበላል። ሦስት ሳምንት ሙሉ በየቀኑ። ለምን እንደሆነ አልጠየቅሁትም። ምን ብዬ እጠይቀዋለሁ? አውቀዋለሁ።»

ፍላቪ ወደ ቀይ ጣሪያዎቹ ዞረች። ሹካውን ከከተማው ሁሉ መካከል ያጣችው ለዚህ ነበር። ያ ሹካ እሷን ይጠብቅ ነበር።

ማዳም ኦርታንስ ድንጋዩ ላይ ያለውን ወረቀት አዩ። «ይህ ምንድን ነው?»

«ምሳዬ።»

«ከማን ጋር?»

«ከማንም።»

«በየቀኑ?»

«ስድስት ዓመት።»

ሴትዮዋ ሳይጋበዙ ድንጋዩ ላይ ተቀመጡ። «ባሌ የሞተ ሳምንት አንድ ቀን ብቻዬን በላሁ» አሉ። «የማንኪያዬ ድምፅ አስፈራኝ። ልጁን ከዚያን ቀን ጀምሮ በመድፍ አስሬ ያዝኩት። ብቻውን የበላ ብቻውን ይሞታል ይባላል።»

«እኔ ገና አልሞትኩም» አለች ፍላቪ።

«እሱማ ምላስሽ ይመሰክራል።» ሊስቁ ቃጣቸውና ተዉት። «መድፉን ስሰማ ለአርባ ዓመት ‹ምሳ ደረሰ› እንጂ ‹ማን ቀረ› ብዬ አላውቅም። ያንን ሳህን የገለበጥኩት እኔ ነኝ፣ ልጄ።»

«ያስቀየመኝ የእርስዎ ሳህን አይደለም። የበላው እሱ ነው።»

«በላ። አዎ፣ በላ። እየከፈለበት ነው።»

የቤተ ክርስቲያኑ ደወል እውነተኛውን ስድስት ሰዓት ደወለ። ሃያ ደቂቃ እንኳን ሳይቆይ ባስትያን ደረጃውን ሁለት ሁለት እየረገጠ ብቅ አለ። ፊቱ አመድ መስሏል። «ጎረቤቶች ‹እናትህ ጭልፋ ይዛ ወደ ኮረብታው ሄደች› አሉኝ» አለ፤ አንዷን ያያል፣ ሌላዋን ያያል። «ተደባደባችሁ?»

«ዘግይተሃል» አሉ እናቱ። «መድፉ ከጮኸ ከአንድ ሰዓት በላይ ሆኗል።»

ፍላቪ ተጠጋችው። ጀርባው ላይ የሰፈር ልጆች ለዚያ ቀን የሚለጥፉት የወረቀት ዓሣ ተለጥፎበታል። ቀስ ብላ አነሣችለት፤ እጇ ግን ትከሻው ላይ ቀረ።

«አሥራ ስምንት ደቂቃ» አለችው።

«አሥራ ስምንት» አለ። «መጀመሪያውኑ መጠበቅ የነበረብኝን።»

ዳቦዋን ዛሬ ለሦስት ከፈለችው። ማዳም ኦርታንስ ቀመሱና «ጨው ያንሰዋል» አሉ። የዚያን ቀን ጨው የሚያንሰው ምግብ ማግኘታቸው ለራሳቸውም ሳይገርማቸው አልቀረም።

በማግስቱ መድፉ በሰዓቱ ጮኸ። ወፎቹ ተነሡ፤ ከታች ሹካው ጀመረ። ፍላቪ እጇን ታጥባ ድንጋዩ ላይ ተቀመጠች። ዳቦ አልያዘችም። ያልያዘችው ረስታ አይደለም፤ ማንም ግን እንመጣለን አላላትም ነበር። አሥራ ስምንት ደቂቃ አለፈ። ሃያ አለፈ። የራሷ ሞኝነት ሊያናድዳት ሲጀምር ደረጃው ላይ ሳህን ከሳህን ሲጋጭ ሰማች።

ባስትያን ታጣፊ ጠረጴዛ ጀርባው ላይ አዝሎ መጣ። ከኋላው እናቱ በጨርቅ የጠቀለሉትን ድስት አቅፈዋል። ጭልፋው ከመድፉ በፊት ድስት ውስጥ አይገባምና፣ ከቤት የወጡት መድፉን ሰምተው ነው። ጠረጴዛው ተዘረጋ። ሦስት ሳህን ተቀመጠ፤ ሦስቱም ቀና ብለው።

«ስንት ሆነ?» አሉ ማዳም ኦርታንስ እያለከለኩ።

ባስትያን ሰዓቱን አየ። «ሃያ አምስት ደቂቃ።»

«ሃያ አምስት!» ሴትዮዋ ደረጃውን ዞረው እንደ ጠላት ገላመጡት። ከዚያ ወደ ፍላቪ መለስ አሉ። «ካንቺ በሰባት ደቂቃ ዘገየን ማለት ነው። ጠበቅሽን?»

«ጠበቅኋችሁ» አለች ፍላቪ።

የመጽሐፉ አዲስ እትም በሚቀጥለው ዓመት ወጣ። ሽፋኑ ላይ ሁለት ስም አለ። ገጽ አርባ አንድ እንዲህ ይላል፦ «ቴፕ የለም። መድፉን የምትተኩሰው ባለቤቴ ናት። በስድስት ሰዓት ወጥተው ይዩ፤ ጆሮዎን ይያዙ፤ ሹካውን ይስሙ። ከሃያ አምስት ደቂቃ በላይ ግን አይቆዩ። ምሳችን ይቀዘቅዛል።»